ሰው ሳይሞት ስለተተከለው ድንኳን

የጭላሎ በር መረዳጃ ዕድር የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሰላ፣ በአቶ ገብረ መድህን መኖሪያ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡50 (ሰብሳቢው የጠሯት ባጃጅ ስለዘገየች ነው። የሰብሳቢው ቤት ከስብሰባው ቦታ ሁለት አጥር ያህል ይርቃል።)

የተገኙ አባላት
1. አቶ ይበልጣል፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ አልጣሽ፣ ገንዘብ ያዥ
3. አቶ ሮባ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. ሲስተር ፈናን፣ የጤና ተጠሪ
5. አቶ ገብረ መድህን፣ ጸሐፊ (ከመጋረጃው ኋላ)

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወ/ሮ ቀለሟ፣ የአቶ ገብረ መድህን ባለቤትና የዛሬው አመልካች፤ አሰግድ፣ ለዛሬ ብቻ ተተኪ ጸሐፊ። ተተኪው የተመረጠው ኪሱ ውስጥ ብዕር በመገኘቱ ሲሆን ሌላ መመዘኛ አልተጠየቀም።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

በሕገ ደንቡ መሠረት አስቸኳይ ስብሰባ የሚጸናው አምስቱም የኮሚቴ አባላት ሲገኙ ነው። አምስተኛው አባል አቶ ገብረ መድህን ሰኔ ላይ በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ ከመኝታ ክፍላቸው ባለመውጣታቸው፣ ተገኝተዋል ወይስ አልተገኙም የሚለው አከራከረ። ክፍሉን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ሳላቸው በግልጽ ይሰማል። ወ/ሮ አልጣሽ ሳል ድምፅ ነው እንጂ ሰው አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። አቶ ሮባ ግን የአባሉ ጫማ ደጃፉ ላይ መሆኑን፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ያለ ጫማ የትም የሚሄድ ሰው እንደሌለ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጫማው በቂ ማስረጃ ሆኖ ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

ከአጀንዳው በፊት ስለታየ ድንኳን

ኮሚቴው ወደ ግቢው ሲገባ የዕድሩ ትልቁ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹም ተደርድረው ተገኙ። ሰብሳቢው አቶ ሮባን ማን ሞቶ ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ሮባ እስካሁን ማንም እንዳልሞተ መለሱ። ትናንት ሰብሳቢው ስልክ ደውለው “ወንበሮቹን ገብረ መድህን ቤት አድርስ” እንዳሏቸው፣ ይህን ሥራ ከያዙ ጀምሮ የዕድር ወንበር ለአንድ ጉዳይ ብቻ ከግምጃ ቤት ሲወጣ እንደሚያውቁ፣ ወንበር ያለ ድንኳን ጋሪ ላይ ጭነው እንደማያውቁም ገለጹ። ጥሩምባ ግን ስላልታዘዙ እንዳላስነፉ አክለው፣ ይህ ጥንቃቄዬ ይመዝገብልኝ አሉ። ተመዝግቧል።

ሲስተር ፈናን ድንኳኑ መንገደኛ ሳያየው ቶሎ ይነሳ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን የድንኳን ጉዳይ በአጀንዳ ስላልተያዘ በመጨረሻ በልዩ ልዩ ሥር እንደሚታይ አስታወቁ። በአብላጫ ድምፅ ድንኳኑ እንደቆመ ወደ ስብሰባው ተገባ።

አጀንዳ አንድ፦ የአቶ ገብረ መድህን ከቤት አለመውጣት ከሕመም ነው ወይስ ከአመል?

ሰብሳቢው የጉዳዩን ክብደት አብራሩ። አቶ ገብረ መድህን የዕድሩ ቋሚ ጸሐፊ ሲሆኑ ከሰኔ ጀምሮ አንድም ወርኃዊ ስብሰባ አልተገኙም። በሕገ ደንቡ አንቀጽ 12 መሠረት ሳይታመም ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረ አባል ከዕድሩ ይሰረዛል። በአንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የታመመ አባል አይሰረዝም፤ እንዲያውም ይጠየቃል። ስለዚህ ሕመም ከሆነ ዕድሩ ሊጠይቃቸው ይገባል፤ አመል ከሆነ ግን መሰረዝ ነው። አባል በሌለበት ስለማይሰረዝ፣ አባሉም ስለማይወጡ፣ ስብሰባው እዚህ ሊደረግ ግድ ሆኗል። ሁለቱንም አንቀጾች ያረቀቁት ራሳቸው አቶ ገብረ መድህን እንደነበሩ ተወስቷል።

ወ/ሮ ቀለሟ ማመልከቻቸውን በቃል አቀረቡ። ባለቤታቸው ቀን እንደሚተኙ፣ ሌሊት ዓይናቸውን ስልክ ላይ ተክለው እንደሚያድሩ፣ ምግብ ሲቀርብላቸው በኋላ እንደሚሉና በኋላም እንደማይበሉ፣ ጢማቸውን መላጨት እንደተዉ ተናገሩ። መሰረዙ ቢመጣ የሚያሳስባቸው የዕድሩ ጥቅም እንዳልሆነም ገለጹ። “ዕድሩ የቀረው የመጨረሻ ነገሩ ነው። ከዚያም ካወጣችሁት ተመልሶ የሚነሳ አይመስለኝም። የጠየቅኳችሁ ደግሞ ትንሽ ነገር ናት፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ሰው አነጋግሩት” አሉ።

ሰብሳቢው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ ሆኖም መጀመሪያ የአባሉ አመል ሳይጣራ መግባት አሠራር እንዳልሆነ ገልጸው ወደ ሲስተር ፈናን አለፉ።

ሲስተር ፈናን ይህ ድባቴ የሚባለው ሕመም እንደሚመስላቸው፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን ሐኪም ማየት እንዳለበት አስረዱ። እንቅልፍ፣ አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና ከሰው ጋር መገናኘት ሁሉም ከድባቴ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አረጋገጡ። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው “አላልኳችሁም? አመል ነው” በማለት ጉዳዩን ለመዝጋት ሞከሩ። ሲስተር ፈናን ግን አልጨረስኩም ብለው ቀጠሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንደሚከፋው፣ የከፋውም ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ የቱ ቀድሞ እንደመጣ ግን ከሳሎን ሆኖ ማወቅ እንደማይቻል ገለጹ። ወ/ሮ አልጣሽ ታዲያ ሳይንስ ይህን ካላወቀ ምን ያውቃል ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ለሲስተር ይሁን ለሳይንስ ስላልተለየ መልስ አልተሰጠበትም።

ከዚያ አባላት የየራሳቸውን ምርመራ አቀረቡ።

ሰብሳቢው የነገሩ ሁሉ ምንጭ አለመሮጥ ነው አሉ። እርሳቸው የበቆጂ ልጅ መሆናቸውን፣ በበቆጂ ሕዝቡ ጎህ ሲቀድ ስለሚሮጥ ለመከፋት ጊዜ እንደሌለው፣ ራሳቸውም በወጣትነታቸው ጉልበታቸው ባይጎዳ ኖሮ ዛሬ ስማቸው ሌላ ቦታ ይጠራ እንደነበር በዝርዝር አስረዱ። የጉልበቱ ታሪክ በሦስት የተለያዩ ስብሰባዎች ስለተመዘገበ እዚህ አልተደገመም። ሲስተር ፈናን ሰብሳቢው ለመጨረሻ ጊዜ በእግራቸው የሄዱት መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ሆኖ ተገኝቷል።

ወ/ሮ አልጣሽ ችግሩ መኮሮኒ ነው አሉ። የአርሲ ሰው በገብስ የተሠራ እንደሆነ፣ ገብሱን ትቶ መኮሮኒ መብላት ሲጀምር ሆዱም ልቡም ባዶ እንደሚቀር አስረዱ። መድኃኒቱ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ጠዋትና ማታ ነው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ቀለሟ ነገ ጾመ ነቢያት እንደሚገባ አስታወሱ። ወ/ሮ አልጣሽ ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው እስከ ገና ያለው ሕክምና ዛሬ ከመምሸቱ በፊት በአንድ ጊዜ ተበልቶ ይለቅ ሲሉ ሐሳባቸውን አሻሻሉ።

አቶ ሮባ ስለ ፈረሳቸው ተናገሩ። ቡላ የተባለው ፈረሳቸው እግሩን ታሞ ጋሪ መጎተት ባቆመበት ክረምት ገብስ ቢሰጡት አልበላ፣ ውኃ ቢያቀርቡለት አልጠጣ እንዳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆም እንደነበር ተረኩ። ወ/ሮ አልጣሽ በምን ዳነ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ሮባ ምንም እንዳላደረጉ፣ እያመሹ አጠገቡ ይቀመጡ እንደነበር ብቻ መለሱ። “ፈረስ ነው፣ ምን ልበለው? ቁጭ አልኩ” አሉ። ሰብሳቢው ፈረሱ የዕድሩ አባል ስላልሆነ አስተያየቱ በማስረጃነት እንዳይያዝ አዘዙ። ጸሐፊው ትእዛዙ ሳይደርሰው ጽፎት ስለነበር እንዳለ ቀርቷል።

ተተኪ ጸሐፊውም በትሕትና፣ ከሁሉ የባሰው ስልክ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው በመስማማት ላይ ሳሉ ስልካቸው ጮኸ። አንስተው ስለ አንድ በግ ዋጋ ሲነጋገሩ ስብሰባው ለሃያ ደቂቃ ያህል ቆሟል። ሲመለሱ ስልክ የትውልዱ ጠንቅ መሆኑን በጥብቅ አሳሰቡ።

በዚህ መካከል ከግቢው የሰው ድምፅ ተሰማ። ሲስተር ፈናን ድንኳኑን አስታወሱ። ሰብሳቢው ልዩ ልዩ ገና እንዳልደረሰ አስታወሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. አቶ ገብረ መድህን በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው እንዲሮጡ፤ ሰብሳቢው በባጃጅ እየተከተሉ እንዲቆጣጠሩ፤
ለ. ስልካቸው ለገንዘብ ያዥዋ ተሰጥቶ ሣጥን ውስጥ እንዲቆለፍ፤
ሐ. ጭኮው ዛሬውኑ እንዲበላ፤
መ. በማንኛውም የዕድሩ አባል ቤት መኮሮኒ እንዳይቀቀል፤
ሠ. ያለ በቂ ምክንያት የሚከፋ አባል በመጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው።

ሲስተር ፈናን ሰው በማስጠንቀቂያ አይደሰትም በማለት በሐሳብ ተለይተዋል። በእግር መንሸራሸርም፣ ደህና መተኛትም፣ ደህና መብላትም መልካም መሆኑን፣ ነገር ግን ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው ሩጥ ማለት እግሩ የተሰበረውን ዝለል እንደማለት ነው አሉ። ሰብሳቢው የተሰጣቸው ጊዜ ማለቁን ነግረው አመሰገኗቸው።

ቀጥሎ በዋናው ጥያቄ ላይ ድምፅ ተሰጠ። አመል ነው ያሉ፦ ሰብሳቢውና ወ/ሮ አልጣሽ። ሰብሳቢው “አመል ያወጣል ከመሐል” የሚለውን ጠቅሰው ድምፃቸውን አጽድቀዋል። ሕመም ነው ያሉ፦ ሲስተር ፈናንና አቶ ሮባ፤ አቶ ሮባ በፈረሱ ምክንያት። ድምፁ እኩል ሆነ።

ሕገ ደንቡ ሲገለጥ፣ ድምፅ እኩል ሲሆን የሚለየው ቋሚ ጸሐፊው እንደሆነ ተገኘ። ቋሚ ጸሐፊው መጋረጃው ኋላ ተኝተዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ገብቶ ድምፃቸውን መጠየቅ ነበረበት።

ሰብሳቢው መግባት ያለባት የጤና ተጠሪዋ ናት አሉ። ሲስተር ፈናን እርሳቸው ከሰኔ ወዲህ ሁለት ጊዜ ገብተው እንደነበር፣ አቶ ገብረ መድህን ግን የኮሚቴው ሰዎች ወዴት ናቸው እያሉ ይጠይቋቸው እንደነበር ተናገሩ። ወ/ሮ አልጣሽ ሰው በተኛበት መግባት ለሴት አይገባም አሉ። አቶ ሮባ ጫማቸው ጭቃ ነው አሉ። ተተኪ ጸሐፊው መጻፍ ላይ ነበር። ወ/ሮ ቀለሟ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን።

ስብሰባውን ስላቋረጠው ክስተት

ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና የሰፈሩ ወተት አቅራቢ ወ/ሮ ሀሊሜ እያለቀሱ ገቡ። መንገድ ላይ ድንኳኑን አይተው መምጣታቸውን፣ ግቢው ሞልቶ ሰው ደጅ መቆሙን ተናግረው ወ/ሮ ቀለሟ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ማመልከቻ ሲጽፍልኝ አንድ ቀን እንኳ የሻይ ያልተቀበለኝ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ያስገባልኝ፣ ወተቴን ውኃ የለውም ብሎ የመሰከረልኝ እያሉ አለቀሱ። ወ/ሮ ቀለሟ አልሞተም ለማለት ቢሞክሩም አልተሰሙም። ወ/ሮ አልጣሽ እውነቱን እያወቁ አብረው አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ በኋላ ቢጠየቁ ሙገሳው ልክ ስለነበር ነው ብለዋል።

ሰብሳቢው ለቅሶው በአጀንዳ እንዳልተያዘ በማሳሰብ ላይ ሳሉ መጋረጃው ተገለጠ።

አቶ ገብረ መድህን ጋቢ እንደለበሱ፣ በባዶ እግራቸው ወጡ። ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጓል። ወ/ሮ ሀሊሜን አይተው “ምነው ሀሊሜ፣ ማን ሞተ?” ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ሀሊሜ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። አቶ ሮባ እንደ ንብረት ክፍል ኃላፊነታቸው “እስካሁን ማንም፣ ጋሼ” አሉ።

አቶ ገብረ መድህን ወደ በሩ ሄደው ግቢውን ተመለከቱ። ድንኳኑ ሞልቷል። የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ የፕሮቴስታንቱ ጎረቤቶች፣ ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ መጥተው ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሲያይዋቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

አቶ ገብረ መድህን ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ ወደ ኮሚቴው ዞሩ። “ድንኳን ካልተተከለ የማትመጡ ከሆነ፣ ያኔ በሰኔ ብትነግሩኝ ራሴ እተክለው ነበር” አሉ።

ሰብሳቢው ይህ አስተያየት ነው ወይስ ጥያቄ ለማለት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። አፍረን ነበር። ይህም እንዲያዝ ጸሐፊው በራሱ ሥልጣን ወስኗል።

ስለ ድምፁ ውጤት

ቀድመው የተናገሩት ሰብሳቢው ናቸው። በተለመደው ድምፃቸው ሳይሆን ዝቅ ብለው፣ “ገብሬ፣ እንግዲህ ያንተ ድምፅ ነው የቀረው። ሕመም ነው ወይስ አመል?” ብለው ጠየቁ።

አቶ ገብረ መድህን አግዳሚ ወንበር እንዲገባላቸው ጠይቀው ተቀመጡ። “እኔም አላውቀውም” አሉ። ጡረታ የወጡ ሰሞን ጠዋት ተነስተው ከረባት አስረው፣ የሚሄዱበት እንደሌለ በር ላይ ሲደርሱ ይታወሳቸው እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ መነሳቱ ቀረ፣ መብላቱ ቀረ፣ እንቅልፉም ቀረ። “አመል ነው እንዳልል አስቤው ያመጣሁት አይደለም። ሕመም ነው እንዳልል የሚያመኝን ቦታ አሳይ ብትሉኝ አላገኘውም። ብቻ ከብዶኛል።” ድምፃቸውን ለማንም ሳይሰጡ ቀሩ።

ሲስተር ፈናን ነገ ጠዋት አብረው ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ገብረ መድህን በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺታቸው እንደ ድምፅ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ

በቀጠሮው መሠረት የድንኳኑ ጉዳይ ታየ። አቶ ሮባ ጥፋቱ የእርሳቸው ስለሆነ ድንኳኑን አሁኑኑ ላንሳው፣ ማል ጎና፣ ምን እናድርግ አሉ። አቶ ገብረ መድህን ግን ሕገ ደንቡን ሳይገልጡ አንቀጽ 17ን በቃል ጠቀሱ፦ “የዕድሩ ድንኳን አንድ ጊዜ ከተተከለ ከሠልስት በፊት አይነሳም።” ወ/ሮ አልጣሽ ሠልስት ሟች ላለበት ነው ሲሉ ተከራከሩ። አቶ ገብረ መድህን አንቀጹ ስለ ሟች አንዳች እንደማይል፣ ሲያረቁትም ያለ ሟች ድንኳን የሚተክል ይኖራል ብለው እንዳላሰቡ ገለጹ። በዚህ ጊዜ አቶ ሮባ ሳቁ። አቶ ገብረ መድህንም ፈገግ እንዳሉ ወ/ሮ ቀለሟ መስክረዋል፤ ጸሐፊው ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ ስለነበር አላየም።

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚከተለው ተወሰነ፦

ከ“ሀ” እስከ “ሠ” የተወሰኑት በሙሉ ተሽረዋል፤ መኮሮኒውም ተፈቅዷል። የሕመምና የአመሉ ጥያቄ ከአጀንዳ ወጥቷል። አባል ሲቀር ዕድሩ መጀመሪያ ሄዶ አጠገቡ እንዲቀመጥ፣ የሚጠይቀው ካለ ተቀምጦ እንዲጠይቅ። የመሰረዙ ጉዳይ እንዳልተነሳ ይቆጠር። ድንኳኑ እስከ ሠልስቱ ይቆይ፤ የመጣውም ሰው በተራ ይቀመጥ፤ ከሠልስቱ በኋላም ያለ ድንኳን መምጣቱን እንዳይተው። ሰብሳቢው ሩጫው ብቻ እንዳይሻርባቸው ቢለምኑ፣ ከአቶ ገብረ መድህን ጋር እስከ ዳቦ ቤቱ በእግራቸው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል። ባጃጅ አልተፈቀደም።

አቶ ገብረ መድህን ከዚህ በላይ መቀመጥ እንደደከማቸው ተናግረው ተመልሰው ገብተው ተኙ። መጋረጃውን ግን አልዘጉትም። አቶ ሮባ ጫማቸውን አወለቁና ገብተው ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አሉ።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ላይ ተዘግቷል። የተነሳ ሰው ግን የለም።

አሰግድ፣ ተተኪ ጸሐፊ

እርማት፦ ቃለ ጉባኤው ሰኞ ከጤና ጣቢያ መልስ ተነብቦልኛል። ጽሑፉ ረዝሟል፤ ስለ በጉ የተጻፈው አያስፈልግም ነበር። የፈረሱ ይቆይ። በስም ዝርዝሩ ተራ ቁጥር 5 ላይ “ከመጋረጃው ኋላ” የሚለው ተሰርዞ “ተገኝተዋል” ተብሎ ይነበብ።

ገብረ መድህን፣ ጸሐፊ